ቁጥሩን በስሙ መጥራት፦ ዲበገር ውስጥ ለሚሞሪ አድራሻ ሌብል መስጠት

ዲበገርን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው የሚያየው የቁጥር ጎርፍ ነው። በግራ በኩል 401136፣ ከስሩ 401140፣ መሃል ላይ ደግሞ ወደ 404028 ጻፍ የሚል ትዕዛዝ። ፕሮግራሙን ራሱ የጻፈው ሰው እንኳ «የኔ ኮድ የት ገባ?» ይላል። ኮዱ እዚያው አለ። የጠፉት ስሞቹ ናቸው።

ዲበገር የፕሮግራም ስህተት ለማደን የሚያገለግል መሳሪያ ነው። እየሮጠ ያለን ፕሮግራም ያስቆማል። ሚሞሪው ውስጥ ምን እንዳለ ያሳያል። ሲፈለግ አንድ ትዕዛዝ ብቻ አስኪዶ መልሶ ያቆማል። ብዙዎቹ ዲበገሮች ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ይፈቅዳሉ፤ ለአንድ አድራሻ የራሳችሁን ስም መለጠፍ። ሌብል ይሉታል። ጀማሪዎች እንደ ጌጥ አይተው ያልፉታል። እኔ ግን የምርመራው ዋና ስራ እሱ ነው ባይ ነኝ። አንድን አድራሻ ስም ስትሰጡት «ይህ ቦታ ምን እንደሚሰራ ገብቶኛል» እያላችሁ ነው። ካልገባችሁ ደግሞ ስሙ ያጋልጣችኋል።

መጀመሪያ አድራሻውን እንየው። ሚሞሪ በተርታ የተደረደሩ ባይቶች ነው። እያንዳንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ይይዛል። የባይቱ ተራ ቁጥር አድራሻ ይባላል። አድራሻ በአብዛኛው የሚጻፈው በአስራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ነው፤ 10 ተብሎ ከተጻፈ አስራ ስድስት ማለት ነው። ከ9 በኋላ ያሉት ስድስት አሃዞች በላቲን ፊደል ነው የሚወከሉት። እዚህ ለምሳሌ ያመጣኋቸው አድራሻዎች ፊደል የሌለባቸው እንዲሆኑ ሆን ብዬ መርጫለሁ። አብሽሩ፣ አይን አያደክሙም።

ስም ለምን እንደሚያስፈልግ ደሴ ለኖረ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ደሴ ላይ እንግዳ ቤት ሲያፈላልግ የቤት ቁጥር የሚነግረው ሰው አይገኝም። «አይጠየፍን ታውቀዋለህ አይደል? ከሱ ትንሽ ወረድ በል» ይባላል። ወይም «ቧንቧ ውሃ ስትደርሺ ደውዪልኝ»። የቤት ቁጥሩ መዝገብ ላይ አለ፣ ትክክልም ነው። ግን በቃሉ የሚይዘው የለም። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ደግሞ ሌላ ሰፈር ይጥላል።

ዲበገርም ስም ካገኘ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በስም የሚታወቅ ቦታ ይይዝና በዙሪያው ያለውን ከሱ እየቆጠረ ይጠራል። ጂዲቢ የሚባለው ዲበገር ለምሳሌ 401140 ካለ በኋላ አጠገቡ «ሜይን+10» ብሎ ይጽፋል። ሜይን የሚባለው ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል) 401136 ላይ ይጀምራል፤ ከዚያ አስር ባይት ወረድ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ጂዲቢ አድራሻውን በአስራ ስድስት ቤት፣ ርቀቱን ግን በአስር ቤት ነው የሚጽፈው። ለዚህ ነው 36 እና 10 ተደምረው 40 የሆኑት። ይህን ሳያውቅ የሚደምር ሰው ብዙ ይንከራተታል።

ስሞቹ ታዲያ የት ይሄዳሉ? ምንጭ ኮዱ ውስጥ ሁሉም ነገር ስም አለው። ፕሮሰሰሩ ግን ስም አያውቅም፣ አይፈልግምም። ምንጭ ኮዱን ወደ ማሽን ትዕዛዝ የሚቀይሩት ኮምፓይለሩና ሊንከሩ እያንዳንዱን ስም በአድራሻ ይተኩታል። የትኛው ስም የትኛው አድራሻ ላይ እንዳረፈ የሚናገር ዝርዝር ግን ፋይሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሲምቦል ቴብል ይባላል። ሊኑክስ ላይ ከዚህ የበለጠ ዝርዝር የያዘ ድዋርፍ የሚባል መረጃም አለ። እሱ የትኛው ትዕዛዝ ከየትኛው የኮድ መስመር እንደመጣ፣ ቫሪያብሉ (እሴት የሚይዘው ስም) ምን አይነት እንደሆነ ሁሉ ይናገራል። ጂሲሲ ኮምፓይለር ላይ ይህ እንዲገባ «ጂ» የሚለውን ምርጫ መጨመር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ መረጃው ፒዲቢ በሚባል የተለየ ፋይል ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ለደንበኛ ሲላክ ያ ፋይል አብሮ አይሄድም። ሊኑክስ ላይም ስትሪፕ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ስሞቹን ጠራርጎ ያወጣቸዋል። ፋይሉ ይቀንሳል፣ ለማያገባው ሰውም ብዙ አይናገርም።

ሁሉም ስም አንድ ቋሚ አድራሻ አለው ማለት ደግሞ አይደለም። ፈንክሽን ውስጥ የተፈጠረ ቫሪያብል ብዙ ጊዜ ስታክ፣ ማለትም ፈንክሽኖች ለጊዜው የሚጠቀሙበት የሚሞሪ ክፍል ላይ ነው የሚያርፈው። ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ጭራሽ ሚሞሪ ውስጥ አይገባም፤ ሬጅስተር በሚባል የፕሮሰሰሩ ትንሽ መያዣ ውስጥ ኖሮ እዚያው ይሞታል። እንዲህ አይነቱን በአድራሻ መሰየም ከንቱ ድካም ነው። ሌብል የሚለጠፍባቸው ቦታቸውን የማይለቁት ናቸው፤ ፈንክሽኖች፣ ግሎባል ቫሪያብሎች፣ የሃርድዌር ሬጅስተሮች (ሃርድዌሩ የሚታዘዝባቸውና የሚነበብባቸው ቋሚ አድራሻዎች)።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እንበል ደሴ ውስጥ አንድ ቤት ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከታች ካለው ማጠራቀሚያ ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ተገጥሟል። ፓምፑን የሚያዘው ትንሽ ቦርድ ነው፤ አርዱይኖ ኡኖ ላይ ያለችው ኤትሜጋ 328ፒ ቺፕ፣ አንድ የውሃ ልክ ሴንሰር፣ አንድ ሪሌ፣ ማለትም ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ። ቦርዱን የሰራው ልጅ ስራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ምንጭ ኮዱ የነበረበት ላፕቶፕ ተሽጧል። ችግሩ ደግሞ አስቂኝ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፓምፑ ይነሳል፣ ሮቶው ሩብ አካባቢ ሲደርስ ግን ሪሌው ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ፓምፑ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። ከሩብ ካለፈ በኋላ ሰላም ነው።

የቺፑ መቆለፊያ ቢቶች ካልተዘጉ ፕሮግራሙን ከውስጧ ማንበብ ይቻላል። የምታገኙት ስም አልባ የትዕዛዝ ክምር ነው። ከየት ትጀምራላችሁ?

ከሚታወቀው ነው የሚጀመረው። ሃርድዌሩ አድራሻው ላይ ታትሞ ይመጣል፤ የቺፑ አምራች ዳታሺት በሚባለው የመረጃ ሰነድ ላይ ጽፎታል። በኤትሜጋ 328ፒ ሴንሰሩን የሚያነበው ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) ውጤቱን የሚያስቀምጠው 78 እና 79 ላይ ነው። ፖርት ቢ፣ ማለትም ሪሌው የተገናኘበት የእግሮች ስብስብ፣ 25 ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህን ሰይሟቸው። ማንም አይከራከራችሁም፣ ዳታሺቱ ምስክር ነው። በትልልቆቹ የአርም ቺፖች ይህን በእጅ መስራት እንኳ አያስፈልግም። ኤስቪዲ የሚባል ፋይል አለ፤ ዲበገሩ ሲያነበው ሬጅስተሮቹ በሙሉ በስማቸው ይመጣሉ። ከነዚህ አንዱ በሆነው ኤስቲኤም32 ኤፍ4 ላይ 40020014 የነበረው «የጂፒአይኦ ኤ የውጤት ሬጅስተር» ይሆናል።

ትንሿ ቺፕ ላይ ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፦ ፖርት ቢ ሁለት ቁጥር አለው። አንዳንዱ ትዕዛዝ 25 ብሎ ይጠራዋል። አንድ ቢት ብቻ የሚነኩት አጫጭር ትዕዛዞች ደግሞ በአይኦ አድራሻው 05 ይሉታል። የሁለቱ ልዩነት ሁልጊዜ 20 ነው፣ በአስራ ስድስት ቤት። 05ን እና 25ን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ የሰየመ ሰው ፓምፑን የሚያዘውን ኮድ ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ሁለተኛው፦ በዚህች ቺፕ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ፍላሽና ዳታው የሚቀመጥበት ራም ሁለቱም ከዜሮ ነው የሚቆጠሩት። 104 ብቻ ብትሉ የትኛው 104? ለዚህ ሲሉ የቺፑ የጂሲሲና የጂዲቢ መሳሪያዎች በዳታው አድራሻ ላይ 800000 ይጨምራሉ። ራም ውስጥ 104 ላይ ያለ ቫሪያብል 800104 ሆኖ ይታያል። ቺፑ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የለም፤ ግራ እንዳይገባን የተጨመረ ቁጥር ነው።

እንቀጥል። 78ን የሚያነብ ትዕዛዝ ስንፈልግ አንድ ቦታ ላይ እናገኛለን። 78ን አንብቦ 800104 ላይ ይጽፋል፣ 79ን አንብቦ 800105 ላይ ይጽፋል። ይህ ኮድ የሚሰራው ኤዲሲው መለካቱን ሲጨርስ በሚያስነሳው ኢንተራፕት (ሌላውን ስራ አቋርጦ የሚገባ ኮድ) ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው 800104ን «የውሃ_ልክ» ብሎ ያልፋል። 800105ን ደግሞ «ያልታወቀ» ይለዋል፣ ወይም ብዙ ጊዜ ዜሮና አንድ ብቻ ሲሆን ስላየው «ፓምፕ_በርቷል» ይለዋል። ሁለተኛው ስም በጣም ያሳምናል። ስህተትም ነው።

የዚህች ቺፕ ኤዲሲ ባለ 10 ቢት ነው፤ ከ0 እስከ 1023 ይለካል። አንድ ባይት ከ255 በላይ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ልኬቱ ሁለት ባይት ይፈልጋል፤ ታችኛው 800104 ላይ፣ ላይኛው 800105 ላይ። ልኩ 300 ሲሆን ታችኛው 44፣ ላይኛው 1 ነው፤ 256 ሲደመር 44። ሌብል ስትሰጡ እንግዲህ የት እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን ስንት ባይት እንደሆነ አብራችሁ ንገሩት። «የውሃ_ልክ፣ ባለ ሁለት ባይት፣ ከ800104 ጀምሮ»። ብዙ መሳሪያዎች አይነቱን አብሮ መመዝገብ ይፈቅዳሉ። የማይፈቅድ ከሆነ ስሙ ላይ ጨምሩት።

ይህ ስም ከተለጠፈ በኋላ ቀሪው ኮድ ራሱ መናገር ይጀምራል። ዋናው ዙር፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚደጋገመው ኮድ፣ «የውሃ_ልክ»ን ያነብባል፣ ከ300 ጋር ያወዳድራል። ካነሰ የፖርት ቢን ቢት 0 ዜሮ ያደርጋል። ካልሆነ አንድ ያደርጋል።

እዚህም ቸኩሎ መሰየም ጣጣ ያስከትላል። ቢቱን ዜሮ የሚያደርገውን ኮድ «ፓምፕ_አጥፋ» ማለት ያምራል። ግን ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የሪሌ ቦርዶች በተገላቢጦሽ ነው የሚሰሩት፤ ዜሮ ሲሰጣቸው ይበራሉ። «ፓምፕ_አጥፋ» ብሎ የሰየመ ሰው «ይሄ ፕሮግራም ውሃ ሲጎድል ፓምፕ ያጠፋል እንዴ!» ይልና ኮዱን ሊያስተካክል ይነሳል። በማግስቱ ሮቶው ሞልቶ በጣሪያው ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ያያችሁትን ብቻ ሰይሙ፤ «ቢት0_ዜሮ_አድርግ»። ሪሌው ምን እንደሚያደርግ በጆሯችሁ ስትሰሙ ወደ «ፓምፕ_አብራ» ትቀይሩታላችሁ። ስም መቀየር ነጻ ነው። በስህተት ስም ላይ ተመስርቶ ያሰቡትን ነገር ከጭንቅላት ማውጣት ግን ከባድ ነው። እኔ እርግጠኛ ላልሆንኩበት ሁሉ «ምናልባት» የሚል ቃል ከፊት እቀጥላለሁ። አስቀያሚ ነው፣ ግን ያነቃል።

አሁን ወደ ሪሌው ጠቅ ጠቅታ። ቺፑ በአንድ ጊዜ አንድ ባይት ብቻ ነው የምታነበው። ዋናው ዙር «የውሃ_ልክ»ን ሲያነብ መጀመሪያ 800104ን፣ ቀጥሎ 800105ን ያነሳል። በሁለቱ መሃል ኢንተራፕቱ ቢገባስ? ልኩ 255 ነበር እንበል፤ ታችኛው 255፣ ላይኛው 0። ዙሩ ታችኛውን አነበበ፣ 255 ያዘ። ኢንተራፕቱ ገባና አዲሱን ልኬት 256 ጻፈ፤ ታችኛው 0፣ ላይኛው 1። ዙሩ ተመልሶ ላይኛውን ሲያነብ 1 አገኘ። 255 እና 256 ተደምረው 511። ውሃው 255 ወይም 256 ነው፣ ፕሮግራሙ ግን 511 ነው ብሎ አመነ። 511 ከ300 ይበልጣል፣ ፓምፑን አጠፋው። በሚቀጥለው ዙር ትክክለኛውን ሲያነብ መልሶ አበራው። 256 የ1023 ሩብ ገደማ ነው። ሮቶው ሩብ ላይ ለምን እንደሚያብድ ታወቀ። ሴንሰሩ በ255 እና በ256 መካከል ሲዋዥቅ ደግሞ ነገሩ ይደጋገማል። መድሃኒቱ አጭር ነው፤ ሁለቱ ባይቶች በሚነበቡበት ቅጽበት ኢንተራፕትን መዝጋትና ወዲያው መክፈት።

800105ን «ፓምፕ_በርቷል» ብሎ ለሰየመው ሰው ይህ ስህተት በፍጹም አይታየውም። ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ነው የሚያየው።

በተግባር ስሙ እንዴት ይለጠፋል? እንደ መሳሪያው ነው። አይዳ በሚባለው የኮድ መመርመሪያ አድራሻው ላይ ቆሞ የኤን ቁልፍ መጫን ነው። ጊድራ ላይ የኤል ቁልፍ። ጊድራን የአሜሪካ ብሄራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ነው የሰራው፤ በ2019 በነጻ ለቆታል፣ ለተማሪ የምመክረውም እሱን ነው። አንድ ቦታ የሰየማችሁት ስም አድራሻው በተጠቀሰበት ሁሉ ወዲያው ይተካል። ዊንዶውስ ላይ ኤክስ64ዲቢጂ የሚጠቀም ሰው ለሌብል ባለ ሁለት ነጥቧን የእንግሊዝኛ ምልክት፣ ለማስታወሻ ደግሞ ነጠላ ሰረዝ የተጨመረባትን ይጫናል።

ጂዲቢ ትንሽ ያስቸግራል። እድሜው ትልቅ ነው፤ ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 ነው የጀመረው። «ኢንፎ ሲምቦል» ብላችሁ አድራሻ ስትሰጡት ስሙን ይነግራችኋል። «ኢንፎ አድሬስ» ደግሞ ከስም ወደ አድራሻ ይወስዳል። በዶላር ምልክት የሚጀምር የራሳችሁን ቫሪያብል ፈጥራችሁ አድራሻ ማስያዝም ትችላላችሁ። ግን ይህ ለእናንተ መጻፊያ ብቻ ነው። ጂዲቢ ኮዱን ሲዘረዝር መልሶ በዚያ ስም አይጠራውም። እውነተኛ ስም እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሲምቦል ቴብሉ ውስጥ መግባት አለበት። ኦብጅኮፒ የሚባለው መሳሪያ ለኤልፍ ፋይል (የሊኑክስ የፕሮግራም ፋይል አይነት) አዲስ ሲምቦል መጨመር ይችላል። ወይም ስሞቹን የያዘ ሌላ ፋይል አዘጋጅቶ «አድ ሲምቦል ፋይል» በሚለው ትዕዛዝ መጫን ነው።

በአማርኛ መሰየም ይቻላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል ስም ይቀበላል። ጂሲሲም ከ2020ው እትም 10 ጀምሮ ለሲ ቋንቋ ይቀበላል። ዲበገሮቹ ላይ ግን መጀመሪያ በአንድ ስም ሞክራችሁ እዩ። ሌላም ነገር አለ፤ «ውሃ» እና «ውኃ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ስሞች ናቸው። በቡድን የምትሰሩ ከሆነ ፊደሉን አስቀድማችሁ ተስማሙበት።

ከቺፕ ወጥተን ኮምፒውተር ላይ ስንመጣ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ዘመናዊ ስርአቶች ፕሮግራሙን በተነሳ ቁጥር፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር፣ ሌላ አድራሻ ላይ ያስቀምጡታል። ይህ የሚደረገው አጥቂ ቦታውን ቀድሞ እንዳያውቅ ነው። አድራሻ ማዘዋወርን የሊኑክስ ከርነል በ2005፣ ዊንዶውስ በቪስታ ጀምረውታል። ጂዲቢ ለሚያስነሳው ፕሮግራም ይህን ያጠፋዋል። በተለመደው ባለ 64 ቢት ኢንቴል ሊኑክስ ላይ እንዲዘዋወር ሆኖ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ያኔ ሁልጊዜ 555555554000 ላይ ይነሳል። ሜይን ከመነሻው 1139 ርቆ ከሆነ 555555555139 ላይ ታገኙታላችሁ፣ ዛሬም ነገም። ያንን ሙሉ ቁጥር ማስታወሻ ላይ ጽፎ ወልድያ ላለ ጓደኛ መላክ ግን ዋጋ የለውም። እሱ ፕሮግራሙ ራሱ ከተነሳ በኋላ ከሆነ ዲበገሩን የሚያያይዘው፣ መነሻው ሌላ ነው። የሚላከው የፋይሉ ስምና 1139 ነው። ኤክስ64ዲቢጂ ሌብሎቹን የሚያስቀምጠው በዚሁ መንገድ ነው።

ትንሿ ቺፕ ላይ እንዲህ ያለ መዘዋወር የለም። ቦታ የሚቀያየረው ፕሮግራሙ እንደገና ኮምፓይል ሲደረግ ነው። አንድ ባለ ሁለት ባይት ቫሪያብል ከፊት ቢጨመር 800104 የነበረው 800106 ይሆናል። አሮጌው ሌብል 800104 ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ዲበገሩም ምንም አይልም። ስለዚህ የሌብሉን ፋይል ከየትኛው የፕሮግራም ቅጂ እንደተሰራ ጽፋችሁ፣ ቅጂውንም አብራችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። አዲስ ቅጂ ላይ አሮጌ ሌብል ስትጭኑ መጀመሪያ 78ን እና 79ን የሚያነበውን ኮድ ፈልጉ፣ የት እንደሚጽፍ እዩ። አሁንም 800104 ላይ ከሆነ የቀሩትን እየፈተሹ መቀጠል ይቻላል። ካልሆነ ሌብሎቹን በሙሉ አጥፍቶ ከ78 እንደገና መነሳት ይሻላል። ኮዱን አንዴ ስላወቃችሁት ሁለተኛው ዙር በጣም ይፈጥናል።